ከዕለት ንባብ የተገኘ ቃል፤ «ጠቢብ»

መጽሐፍን ዕለት ዕለት የሚያነብ ሰው ሁለት ዐይነት ቃል ያጋጥመዋል። አንደኛው ከቶ ሰምቶት የማያውቀው እንግዳ ቃል ነው። እንዲህ ያለው ቃል አንባቢውን ስለሚያቆመው ጕዳት የለውም፤ ሰው ያላወቀውን ይጠይቃልና። ሁለተኛው ግን ከሕፃንነቱ ጀምሮ የሚያውቀው የሚመስለው ቃል ነው። ይህኛው አያቆመውም፤ ዐይኑ ዐልፎት ይሄዳል፤ ልቡም «ይህንስ ዐውቀዋለሁ» ይላል፤ ስለዚህ ብዙ ዘመን ሲያነበው ኖሮ ሳያውቀው ይቀራል። ዛሬ ለአንባብያን ልናቀርበው ያሰብነው ቃል ከዚህ ከሁለተኛው ወገን ነው። ቃሉም «ጠቢብ» የሚለው ነው።

ነገሩ የተነሣው በአዲስ አበባ በስተሰሜን፣ በጉለሌ፣ ሸጎሌ በተባለው ሰፈር ነው። ሸጎሌን ብዙ ሰው የሚያውቀው በከብት ገበያው ነው። የበዓል ዋዜማ በደረሰ ጊዜ በሬና በግ የሚነዳው ሕዝብ መንገዱን ስለሚሞላው፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው ሰው ነጠላውን ሰብስቦ ጥግ ጥጉን ማለፍ ግድ ይሆንበታል። በዚሁ ሰፈር የሚኖሩ ጥቂት ምእመናን በየወሩ ተሰብስበው ጽዋ ይጠጣሉ፤ እኛም ከእነርሱ ጋራ እንቀመጣለን። ከማኅበሩ ልማድ አንዱ፣ እያንዳንዱ አባል በየዕለቱ ከመጽሐፍ ቅዱስ አንድ ምዕራፍ ማንበቡና ያልገባውን ቃል በደብተር መጻፉ ነው። ጸሎት ተደርሶ ዳቦው ከተባረከ በኋላ፣ ጠላው ከመቀዳቱ አስቀድሞ ደብተሮቹ ይከፈታሉ። ስለ አንድ ቃል የሚደረገው ክርክር አንዳንድ ጊዜ እጅግ ስለሚረዝም ጠላ ቀጂዎቹ ያጕረመርማሉ፤ ይህንም ሳንሸሽግ እንናገራለን።

ከዕለታት ባንዱ አያቷን ደግፋ የመጣች የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ ደብተሯን ከፍታ «ጠቢብ» የሚለውን ቃል አነበበች። ከተቀመጡት አንዱ ወንድማችን ፈገግ ብሎ፣ «ልጄ፣ ይህንማ ሰሎሞንን የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል፤ ሌላ ቃል አምጪ» አላት። ልጅቱም እንዲህ ስትል መለሰች፤ «ሰሎሞን ጠቢብ መባሉን እኔም ዐውቃለሁ። ነገር ግን በኦሪት ዘጸአት ናስ የሚያቀልጠው፣ ዕንጨት የሚጠርበው፣ በእጇ የምትፈትለውም ሴት ጠቢባን ተብለዋል። እነዚህ ሰዎች ሕዝብ አልገዙ፣ ምሳሌ አልመሰሉ፣ መጽሐፍ አልጻፉ። ታዲያ ቃሉ አንድ ነው ወይስ ሁለት?»

ጥያቄው ከጠያቂዋ ዕድሜ የበለጠ ነበረ። አንድ ሌላ ወንድም ቶሎ ብሎ፣ «ጠቢብ ማለት ጠበበ ከሚለው የወጣ ነው፤ የእጅ ሥራ የሚሠራ ሰው አሳቡን ወደ አንድ ነገር ብቻ ስለሚያጠበው ጠቢብ ተባለ» አለ። አነጋገሩ ለስብከት የሚያምር ነው፤ ነገር ግን እንደምናየው ፍጹም ስሕተት ነው። እኛም ብንሆን ስሕተት መሆኑን ጠረጠርን እንጂ ትክክለኛውን መንገድ ማሳየት አልቻልንም። ስለዚህ «በሚመጣው ወር መልሱን ይዘን እንመጣለን» ብለን ቀጠሮ ሰጠን።

ቤታችን ገብተን በመጀመሪያ የገለጥነው መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ የተባለውን ነው። ይህን መጽሐፍ መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ጀመሩት፤ ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ዕድሜያቸውን ጨረሱበት፤ እርሳቸውም በ1936 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ በ1948 ዓ.ም. ለኅትመት አበቁት። ሦስት ሰዎች አንዱ ካንዱ እየተቀበሉ የደከሙበት ሥራ ነው። ሆኖም መጽሐፉን አዲስ የሚገልጥ አንባቢ የሚቸገርበት ነገር ስላለ፣ እዚህ ላይ ጥቂት እናስረዳ ዘንድ ይፈቀድልን።

በሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ተራ ጠ የተባለው ፊደል ሃያ አንደኛ ነው። ስለዚህ በዚህ ተራ ያደገ ሰው ጠን ወደ መጽሐፉ መጨረሻ ሄዶ ይፈልጋል፤ አያገኘውምም። አለቃ ኪዳነ ወልድ መዝገባቸውን የሠሩት በአ፣ በ፣ ገ፣ ደ ተራ ነውና። በዚህ ተራ ጠ ከየ በፊት ይገኛል፤ በዕብራይስጥም ዘጠነኛ ፊደል ነው። ደግሞም ቃሉ የሚገኘው በአፍ እንደሚነገረው ሳይሆን በግሱ ሥር ነው። ጥበብን፣ ጠቢብንና ጠበብትን እያንዳንዳቸውን ለየብቻ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው፤ ሁሉም እንደ አንድ ቤተ ሰብ በአንድ ግስ ጣራ ሥር ተቀምጠዋል። በቅኔ ቤት ግስ ያስገሠሠ ሰው ይህን ከልጅነቱ ያውቀዋል። ሌላው አንባቢ ግን መጽሐፉን ገዝቶ፣ አንድ ጊዜ ገልጦ፣ ቃሉን አጥቶ፣ ከመደርደሪያ እንደሚያኖረው እኛ ራሳችን አይተናል። የአማርኛውን ቃል የሚፈልግም አለቃ ደስታ በ1962 ዓ.ም. ያሳተሙትን ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት በዚሁ በአ፣ በ፣ ገ፣ ደ ተራ ሊገልጠው ይገባል።

አሁን ወደ ቃሉ እንመለስ። በግዕዝ ጠበበ ማለት ዐወቀ፣ ብልኅ ሆነ፣ አስተዋለ ማለት ነው። በአማርኛ ግን ጠበበ ስንል ስፋት ዐጣ ማለታችን ነው። ሁለቱ በመልክ አንድ ይምሰሉ እንጂ በዘር የተለያዩ ናቸው። የአማርኛው ጠበበ የመጣው ከግዕዙ ጸበበ ነው። የግዕዝ ጸ በአማርኛ ብዙ ጊዜ ጠ ይሆናልና፤ ጸጕር ጠጕር፣ ጸረበ ጠረበ፣ ጸብሐ ጠባ እንደ ሆነ ሁሉ ጸበበም ጠበበ ሆኗል። ስለዚህ ያ ወንድማችን አሳብን ስለ ማጥበብ የተናገረው ትርጓሜ ከሌላ ቤት ሙሽራ አምጥቶ እንደ መዳር ያለ ነው። ይህን ስንነግረው እርሱም ከልቡ ሳቀ።

የግዕዙ ጠቢብ በመጽሐፍ ብዛት ያወቀውን ብቻ አይለይም። ልቡ ያሰበውን እጁ የሚፈጽምለት ሰው ሁሉ ጠቢብ ይባላል። አማርኛችንም ይህን ፈጽሞ አልዘነጋም። አንድ ነገር በጥንቃቄና በውበት ሲሠራ «ተጠቦ የሠራው ነው» እንላለን። ኪነ ጥበብ የምንለውም ከዚሁ ነው። ከሁሉ ይልቅ ግን በዐይናችን የምናየው ምስክር አለ። በቀሚስና በነጠላ ጠርዝ በቀለም ተለይቶ የሚሠራውን ጌጥ ጥበብ እንለዋለን፤ በጉለሌና በሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ጕድጓዳቸው ውስጥ ተቀምጠው ዕለት ዕለት የሚያወጡት ነው። በጥምቀት ቀን ከታቦቱ በስተኋላ በእልልታ የሚሄዱት እናቶችና እኅቶች ለብሰውት የሚታዩት ይኸው ጥበብ ነው።

የጎረቤት ቋንቋዎችም ይህንኑ ያጸናሉ። በዕብራይስጥ ጠቢቡ ሐካም ይባላል፤ የድንኳኑን ዕቃ የሠሩት ሰዎችና ንጉሡ ሰሎሞን የተጠሩት በዚህ በአንድ ቃል ነው። እኛ ለበሽተኛ መድኃኒት የሚሰጠውን ሐኪም የምንለው ከዐረብኛ ተቀብለን ሲሆን፣ ትርጓሜው ያው ጠቢብ ማለት ነው። ዐረቦችም ደግሞ ሐኪሙን በገዛ ቋንቋቸው ጠቢብ ይሉታል፤ ከእኛው ቃል ጋራ ሥሩ አንድ ነው። ይህን ነገር ጥቂት ቆየት ብላችሁ ተመልከቱት፤ በቀይ ባሕር ማዶ ጠቢብ ሲሉ በሽተኛው ቀና ብሎ በክብር የሚቀበለው ሰው ነው። በእኛ ሀገር ቃሉ የደረሰበትን ወደ ፊት እናያለን።

የልጅቱን ጥያቄ ለመመለስ ግን ከመዝገበ ቃላት ይልቅ ራሱ ኦሪት ይበልጣል። ቃልን ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ቃሉ በተጻፈባቸው ሌሎች ቦታዎች ሁሉ መከተል አለበት። በኦሪት ዘጸአት በ28ኛው ምዕራፍ እግዚአብሔር የጥበብን መንፈስ ሞላሁባቸው ያላቸው ሰዎች የአሮንን ልብሰ ክህነት የሚሠሩት ናቸው። ቀጥሎ በ31ኛው ምዕራፍ ከይሁዳ ነገድ የሆነውን የኡሪን ልጅ ባስልኤልን በስሙ ይጠራዋል። መንፈሱን የሞላበትም በወርቅ፣ በብርና በናስ እንዲሠራ፣ ዕንቍ እንዲቀርጽ፣ ዕንጨት እንዲጠርብ ነው። ከዳን ነገድ ኤልያብን ረዳት አድርጎ ሰጠው። በ35ኛው ምዕራፍ ደግሞ ሁለቱ የሚያውቁትን ለሌላው ያስተምሩ ዘንድ ይህንም በልባቸው አኖረ ይላል፤ ፈትል የሚፈትሉት ሴቶችም በዚያው ምዕራፍ ተመስግነዋል። እንግዲህ በኦሪት እግዚአብሔር ራሱ የጥበብን መንፈስ ሞላሁባቸው ብሎ አስቀድሞ የመሰከረላቸው ሰዎች ልብስ ሠሪዎችና አንጥረኛ ናቸው። የሰሎሞንን ቤተ መቅደስ የናስ ዕቃ የሠራው ኪራምም የናስ ሠራተኛ ልጅ ነበረ፤ እናቱ ከንፍታሌም ነገድ የሆነች መበለት ስትሆን፣ ስለ እርሱም ጥበብና ማስተዋል እንደ ተሞላ ተጽፏል (1 ነገ. 7፣ 13-14)። ስለዚህ ቃሉ አንድ ነው። ሰሎሞንም ኪራምም ጠቢባን ናቸው፤ አንዱ በፍርድ ዙፋን፣ አንዱ በከውር አጠገብ።

በቀጠሮው ወር ይህን ሁሉ ለማኅበሩ አስረዳን። ልጅቱም በደብተሯ እየጻፈች ሳለች፣ በበሩ አጠገብ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት እናት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «መምህር፣ እኛን ጠይብ የሚሉን እንግዲያስ ከዚሁ ነው?» ብለው ጠየቁ።

እኚህ እናት ሸክላ ሠሪ ናቸው። ነፍሳቸውን ይማርና ባለቤታቸው ማረሻና ቢላዋ ይቀጠቅጡ ነበር። ማኅበሩ ጠላ የሚጠምቅበት ጋን የእጃቸው ሥራ ነው። ቤቱ በዚያ ጊዜ ጸጥ አለ። ጥያቄው የቃል ጥያቄ አለመሆኑን ሁሉም ተረድቶታልና። እኛም መልሱን እያወቅን ለመናገር ዘገየን። ምክንያቱን ለአንባብያን መደበቅ አይገባንም፤ በልጅነታችን ከእኩዮቻችን ጋራ ሆነን ይህን ቃል ለስድብ ጮኸን ተናግረነዋል፤ የተናገርንበትንም ደጃፍ እስካሁን እናስታውሰዋለን።

መልሱ ግን አዎን ነው። ግዕዙ ሰብእ በአማርኛ ሰው እንደ ሆነ፣ በቃል መካከል ያለው የበ ድምፅ እየላላ ይጠፋል ወይም ይለወጣል። ጠቢብም በሕዝብ አፍ ሲመላለስ ጠይብ ሆነ። ድምፁ እንዲህ መለወጡ የቋንቋ ልማድ ስለ ሆነ የሚያሳዝን ነገር የለውም። የሚያሳዝነው ከድምፁ ጋራ ክብሩም መለወጡ ነው። ጥበብን ከጠቢቡ ለይተን ጥበቡን ለበስነው፤ ጠቢቡን ግን ጠይብ ብለን፣ ቡዳ ነው ብለን፣ ልጆቻችንን እንዳያይብን ሸሸግን፤ አብረነው ለመብላትና ልጁን ለማግባት ተጸየፍን።

ነገሩ በመንግሥት ዘንድ ሳይታወቅ የቀረ አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ ብረት ሠሪውን ጠይብ እያሉ፣ ሌላውንም ሠራተኛ በየሞያው እየነቀፉ መስደብን ከልክለዋል፤ ሰነፉ ብልኁን እየሰደበ ሀገሪቱን ያለ ሠራተኛ ያስቀራታል ብለውም ገሥጸዋል። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ዐልፏል። ዐዋጅ ግን አደባባይን ያጸዳ እንደ ሆነ ነው እንጂ፣ በምድጃ ዙሪያ የሚነገረውን ቃል የሚያጸዳው ሌላ ነው።

ስድቡን በመጽሐፍ ለመደገፍ የሚደክሙም አይታጡም። ናስና ብረት መሥራት የተጀመረው ከቃየል ወገን በሆነው በቱባልቃይን ነውና ሞያው ከርግማን ነው ይላሉ። ክፍሉን ግን ከፍ ብለው ቢያነቡት ኖሮ አፋቸውን በያዙ ነበር (ዘፍ. 4፣ 20-22)። ከዚያው ቤት የተወለደው ያባል የከብት አርቢዎች አባት፣ ዩባልም የበገና ደርዳሪዎች አባት ተብሏልና። ብረት ቀጥቃጩ በቱባልቃይን ምክንያት የሚናቅ ከሆነ፣ በሸጎሌ ገበያ በሬውን ይዞ የቆመው ነጋዴ ሁሉ፣ በዐቢይ ጾም በገናውን የሚደረድረው አባትም አብረው ሊናቁ ነው። ደግሞስ ከጥፋት ውኃ የተረፈው የኖኅ ቤት ብቻ አይደለምን? እንግዲህ የማን ዘር ከማን ሊለይ?

ካህናት አባቶቻችንንም እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናሳስብ እንወዳለን። ጻሕሉንና ጽዋዑን፣ ዕርፈ መስቀሉን፣ ጽናውን፣ ጸናጽሉን፣ ደወሉን፣ ሕዝቡ የሚሳለመውን የእጅ መስቀል ማን ሠራው? እሳት ሳይነካው፣ መዶሻ ሳይመታው ወደ መቅደስ የገባ የብረትና የብር ዕቃ የለም። ጌታችንም በናዝሬት የጠራቢ ልጅ ተብሎ ተንቋል (ማቴ. 13፣ 55)። ጠራቢ የሚለው ቃል ከላይ ካነሣነው ጸረበ የመጣ ነው። ቅዱስ ጳውሎስም በቆሮንቶስ ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋራ ድንኳን እየሰፋ በእጁ ሥራ ኖሯል (ሐዋ. 18፣ 3)። መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ አስቀድሞ ሐኪሙን ካከበረ በኋላ፣ በመስፉ አጠገብ የተቀመጠውን ብረት ሠሪና በእግሩ መንኰራኵር የሚያዞረውን ሸክላ ሠሪ ያነሣል፤ ያለ እነርሱ ከተማ እንደማይቀና ይናገራል። ከዐረብኛው ቃል ጋራ ስናስተያየው፣ ጠቢብ የተባሉት ሁለቱ ወገኖች፣ ሐኪሙና አንጥረኛው፣ በአንድ ምዕራፍ ተገናኝተው እናገኛቸዋለን።

ይህን ለእኚያ እናት በነገርናቸው ጊዜ ብዙ አልተደነቁም። ጥቂት ዝም ብለው፣ «ጋኑ ከመካከል ነው፤ እኔ ከበር ነኝ» አሉ። ማንም ከበር ተቀመጡ ብሏቸው አያውቅም፤ ማንም ደግሞ ከዚያ ተነሡ ብሏቸው አያውቅም። ያን ጊዜ በመጀመሪያ «ሌላ ቃል አምጪ» ያለው ወንድማችን ከግድግዳው በኩል ከነበረው ከምንጣፉ ተነሥቶ ሊያስቀምጣቸው ለመነ። እርሳቸውም፣ «አሁን ጕልበቴ ከተቀመጠበት አይነሣም፤ ለሚመጣው ወር ይሁን፤ ይልቅስ ልጆቹ ደርቀዋል፣ ጠላው ይቀዳ» ብለው ሁላችንንም አሣቁን። በሚመጣው ወር ግን አስቀድመን መጥተን ስፍራውን ጠበቅንላቸው፤ ገብተውም ተቀመጡበት።

ስለ አነባበቡ ሥርዐት ከጠየቃችሁን፣ የማኅበሩ ልማድ እንዲህ ነው። ቃሉን ለብቻው አይጽፉትም፤ ካገኙበት ምዕራፍና ቍጥር ጋራ ይጽፉታል። ትርጓሜውን ከመዝገብ ከመፈለጋቸው በፊት የመሰላቸውን በእርሳስ ያስቀምጣሉ፤ ኋላ ስሕተት ሆኖ ሲገኝ አይፍቁትም፤ ከሥሩ እውነተኛውን በቀለም ይጽፉበታል። ይህ የመጨረሻው ነገር በተለይ ደስ ያሰኘናል። በአንዳንዱ ደብተር ሀገር የሚለው ቃል በእርሳስ «ግዛት» ተብሎ፣ ከሥሩ በቀለም «በግዕዝ ከተማ» ተብሎ ተጽፏል። ገዳም ደግሞ በእርሳስ «የመነኰሳት ቤት»፣ በቀለም «ምድረ በዳ፣ ዱር» ይላል። የቀደመውን ስሕተት የሚያይ ሰው ቃሉን ዳግመኛ አይዘነጋውም።

የልጅቱን ደብተር በቅርቡ አይተነዋል። በጠቢብ ፊት ለፊት በእርሳስ «ሰሎሞን» ብላ ጽፋ ነበር። አልፋቀችውም። ከሥሩ በቀለም የባስልኤልን፣ የኤልያብንና የኪራምን ስም ደርድራለች፤ በአራተኛውም መስመር ጋኑን የሠሩትን እናት የክርስትና ስም ጨምራበታለች። ለሚመጣው ወር ያስመዘገበችው ቃል «ደብር» ነው፤ ደብረ ታቦር ቤተ ክርስቲያን ሳይሠራበት በፊት ስለ ምን ደብር እንደ ተባለ ትጠይቃለች።